ሁልጊዜ ሕያው

የላቲን ስሙ «ሴምፐርቪቩም» ነው፤ ሁልጊዜ ሕያው ማለት ነው፡፡ ወፋፍራምና ውኃ ያዘሉ ቅጠሎቹ እንደ ጽጌረዳ ተነባብረው ክብ ይሠራሉ፤ ቁመቱ ከጣት አይበልጥም፡፡ እኔ በምኖርበት በደቡብ ጀርመን የቤት ጣሪያ ላይ ሳይቀር ይበቅላል፡፡ ሻርለማኝ ከ1200 ዓመት ገደማ በፊት ለርስቶቹ በወጣው ደንብ፣ አትክልተኛው ይህን ተክል ከቤቱ ጣሪያ ላይ እንዲያኖር አዝዞ ነበር፡፡ መብረቅ ይመልሳል ተብሎ ይታመንበት ነበር፡፡ ሊኒየስም እ.ኤ.አ. በ1753 ሲሰይመው «የጣሪያዎች» የሚል ቅጽል ሰጠው፡፡

ለእኔ የሰጡኝ ከታች የሚኖሩት አሮጊት ጎረቤቴ ናቸው፡፡ ብላ ጠጣ ማለት ከለመደ ቤት የወጣሁ ነኝና ጠዋት ጠዋት ውኃ አጠጣሁት፡፡ ወር ሳይሞላው ከሥሩ በስብሶ፣ ስነካው እንደ ተቀቀለ ሽንኩርት እጄ ላይ ፈረሰ፡፡ ሴትዮዋ ሳቁ፡፡ «ይህን መግደል የቻለ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው» አሉኝ፡፡ ሁለተኛውን ራሳቸው ተከሉልኝ፤ አፈሩን እኩሌታውን ከጠጠርና ከአሸዋ ቀላቅለው፣ ከሥሩ በተበሳ ሸክላ ውስጥ፡፡ ፀሐይ በሚመታው በሰገነቱ ጠርዝ አስቀመጡትና «በል አሁን እርሳው» አሉ፡፡

ረሳሁት፡፡ በረዶ ተከምሮበት ከረመ፡፡ መጋቢት ላይ በረዶው ሲቀልጥ ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ መልክ ይዞ ብቅ አለ፡፡ የሚያቀላው ብርዱና ፀሐዩ ነው፤ ጥላ ውስጥ፣ በለም አፈር ተንቀባርሮ ከኖረ ግን አረንጓዴ ብቻ ሆኖ ይዝረከረካል፡፡ ሙቀቱ ሲመጣ በቀጫጭን ክሮች ጫፍ ልጆች አወጣ፡፡

ለእናቴ በስልክ ባጫውታት «እንዳሁላ ነው በለኛ!» አለችኝ፡፡ አልተሳሳተችም፤ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው፡፡ ልጅ ሳለሁ እግሬ ሲያብጥ የእንዳሁላ ቅጠል እሳት ላይ ሞቅ አድርጋ ታስርልኝ ነበር፡፡

በአራተኛው ዓመት፣ በሰኔ፣ መሃሉ እንደ ግንብ ወደ ላይ ተመዘዘ፡፡ «ሊያብብ ነው፤ ካበበ ይሞታል» አሉኝ ጎረቤቴ፡፡ ያን ሰሞን እናቴ አልጋ ይዛ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሄጄ የምመለስበት ወረቀት አልነበረኝም፡፡ አንድ ሌሊት ከእኅቴ ጋር ተነጋግሬ ስልኩን እንደ ዘጋሁ፣ መቀስ ይዤ ወጣሁና አንገቱን ቆረጥሁት፡፡ ካላበበ አይሞትም ብዬ ነው፡፡ ስሌቱ ዛሬ ያሳፍረኛል፡፡

አልዳነም፡፡ ማበብ አንዴ ከውስጡ ከጀመረ መቀስ አይመልሰውም፡፡ ቅጠሉ እየደረቀ ሄዶ መስከረም ላይ ገለባ ሆነ፤ አበባውንም ሳላይ ቀረሁ፡፡ እናቴ በጥቅምት ዐረፈች፡፡ መርዶዬን የሰማሁት ሰገነቱ ላይ ቆሜ ነው፡፡

ገለባውን ለብዙ ጊዜ አልነቀልሁትም፡፡ ዙሪያውን 11 ልጆች ከበውታል፤ ያሰሯቸው ክሮች ደርቀው ቢበጠሱም ሁሉም በየፊናቸው ሥር ሰደዋል፡፡ ሁለቱን ለጎረቤቴ መለስሁላቸው፡፡ ስለ መቀሱ አልነገርኋቸውም፤ የሚያውቁ ይመስለኛል፡፡

ዘንድሮ ከቀሩት አንዱ መመዘዝ ጀመረ፡፡ ትናንት ጠዋት ጫፉ ላይ ያሉት እንቡጦች ፈኩ፤ ኮከብ መሰል፣ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ናቸው፡፡ አንዲት ንብ ከአንዱ ወደ አንዱ ስትዞር ሳይ ቡናዬ ቀዘቀዘ፡፡