ቁጥርሽ ስንት ነው?

ዛሬ ስለ ጫማ ልናወራችሁ ነው። “ደግሞ ስለ ጫማ ምን ይወራል?” እንዳትሉን። እኛም እንደዚያ ብለን ነው የገዛ እህታችንን ጥፍር ያጠቆርነው!

“እኛ” ስንል ሁለት እህትማማቾች ነን። ተወልደን ያደግነው ዲማ ነው፤ ምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና ሳይርቅ። ዲማ ሲባል የሐዲስ ዓለማየሁ “ፍቅር እስከ መቃብር” ትዝ የሚላችሁ ካላችሁ፣ አዎ፣ የእነ ሰብለ ወንጌል ዲማ ነው። አሁን አዲስ አበባ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖራለን። አንዳችን ጋዜጠኝነት ተምራ የተመረቀች ናት (ይህን የምትጽፈውም እሷ ናት)፤ ሌላዋ የሂሳብ ሠራተኛ ናት። ታናሻችን ግን ያኔ እዚያው ዲማ ከእምዬ ጋር ነበረች። እምዬ የምንላት አያታችንን ነው።

ታናሻችን ትሮጣለች። ተማሪ ቤት ስትሄድ ትሮጣለች፣ ውኃ ስትቀዳ ትሮጣለች፣ ጥጃ ስታግድ ትሮጣለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ደብረ ማርቆስ ላይ ለሚደረግ የዞን ውድድር ተመረጠች። ታዲያ ጠዋት ጠዋት የምትለማመደው በኮንጎ ጫማ ነበር። ኮንጎን ለማታውቁ የከተማ ልጆች፦ ወጥ ፕላስቲክ ነው፤ ዝናብ አያበሰብሰውም፣ ፀሐይ ግን እንደ ምጣድ ታግለዋለች። የገበሬውም የቆሎ ተማሪውም ጫማ ነው። እግዜር ይስጠው፣ ብዙ እግር ከጭቃ አውጥቷል። ለሩጫ ግን አልተሠራም።

ደወለችልንና እያፈረች፣ እየተሽኮረመመች፣ “እታለም፣ የሩጫ ጫማ…” አለች።

“ቁጥርሽ ስንት ነው?” አልናት።

ዝም አለች። ኮንጎዋን ገልብጣ ስታይ ነው። “37 ይላል” አለች።

በቃ! የእኛ ጥያቄ ይኸው ነው፤ የእሷ መልስ ይኸው ነው።

ከደመወዛችን አዋጥተን ስታዲየም አካባቢ ካሉት የስፖርት ዕቃ ሱቆች ወደ አንዱ ገባን። ሮዝና ነጭ፣ ታይቶ የማይጠገብ ጫማ መረጥን። ሻጩ “ቁጥር?” አለ። “37” አልን። ልጅቷ በሳምንት ስንት ቀን እንደምትሮጥ፣ በምን መሬት ላይ እንደምትሮጥ እሱም አልጠየቀን፣ እኛም አላሰብነው። እኛ ያየነው ቀለሙን ነበር። በቢቸና አውቶቡስ ላክንላት። በማግስቱ ደውላ “ልክ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ” አለችን። ደስ ብሎን አደርን።

ከውድድሩ በኋላም ደወለች። “አልቀናኝም” አለች፤ ሌላ ነገር አልጨመረችም። እኛም አልጠየቅንም።

በዚያው ዓመት ለፋሲካ አገር ቤት ገባን። መንገዱ እንደ ልብ ይኬድበት የነበረ ጊዜ ነው። ማታ እንደ አገሩ ወግ ታናሻችን ሙቅ ውኃ ይዛ መጥታ እግራችንን አጠበችን። ስትጨርስ “ነይ ደግሞ እኛ እንጠብሽ” ብለን ለቀልድ ያዝናት። እግሯን ወደ ቀሚሷ ሰበሰበች። ሳብን፤ እንቢ አለች። ኩራዙን አስጠግተን ስናይ… የሁለቱም አውራ ጣቶቿ ጥፍር ጠቁሯል። የግራው ሁለተኛ ጣት ጨርሶ ጥፍር የለውም። ተረከዟ ላይ የደረቀ ቁስል አለ።

“ልክ ነው አላልሽንም?”

“ልክ ነው… ትንሽ ይይዘኛል እንጂ። ይሰፋል ብዬ ነው።”

“ለምን አልነገርሽንም?”

“ደመወዛችሁን አውጥታችሁ ገዝታችሁልኝ እንዴት ጠበበኝ እላለሁ?”

ምን ይባላል? እኛ በሥራችን ሰው ስንጠይቅ የምንውል፣ አንዲት እህታችንን መጠየቅ አቅቶን ነበር። የውድድሩን ነገርም ያን ማታ ነው የነገረችን። ደብረ ማርቆስ ላይ መካከል ስትደርስ ሕመሙ አላስሮጣት አለ፤ ቆማ ጫማውን አውልቃ ጥላ በባዶ እግሯ ሮጠች። አምስተኛ ወጣች። የሚፈለጉት ሦስት ነበሩ።

ከእኛ አንዷ ነገሩን ለማቅለል “አይዞሽ፣ አበበ ቢቂላም በባዶ እግሩ ነው ያሸነፈው” አለቻት። እውነት ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ እኛ አገር የዘመን መለወጫ ዋዜማ በሆነበት ማታ፣ አበበ ሮም ላይ ማራቶኑን በ2:15:16 በባዶ እግሩ ጨረሰ። ግን ይህን ታሪክ ስናወራ አንድ ነገር እንዘላለን፤ አበበ ጫማ ጠልቶ አይደለም። ሮም ላይ ያገኘው አዲስ ጫማ ለእግሩ አልተስማማውም፤ ስለዚህ በለመደው በባዶ እግሩ መሮጥን መረጠ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ግን ካልሲና ጫማ አድርጎ በ2:12:11 አሸነፈ። የሮሙ ድል የአበበ ነው፤ አለመስማማቱ የጫማው ነው።

እምዬ ከእሳቱ ዳር ሆና ትሰማን ነበር። “በባዶ እግሯ ሮጠች?” አለች። “እሰይ የሚባል ነው እንዴ? እኔም በባዶ እግሬ ነው ያደግሁት” ብላ ቀሚሷን ጉልበቷ ድረስ ገለጠችው።

የእምዬን እግር እናውቀዋለን፤ ግን አይተነው አናውቅም ማለት ይቀላል። ሁልጊዜ በጨርቅ የተሸፈነ ነው። ከጉልበቷ በታች አብጧል፣ ቆዳው ጠጥሯል፣ ጣቶቿ ተጣብቀው ተጨማደዋል። አገሬው “ዝሆኔ” ይለዋል። እንዲህ ያለ እግር ያለበትን ቤት ለጋብቻ የሚሸሹ ነበሩ፤ “ይተላለፋል” እያሉ።

አይተላለፍም! ይህን በደንብ አንብቡልን። የሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ነው። ስሙን ያወጣለት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ሲሆን፣ ቃሉ “እግር” እና “አቧራ” ከሚሉ የግሪክ ቃላት የመጣ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ፣ ዝናብ በሚበዛበት ደጋ፣ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው ላይ ይወጣል። የአፈሩ ደቃቅ ብናኝ በእግር ቆዳ ገብቶ የሊምፍ መስመሮችን ያስቆጣል፣ ይደፍናል። ሁሉንም ሰው እኩል አይዝም፤ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት እንዳለበት ታውቋል። ከሰው ወደ ሰው ግን አይሄድም። በአገራችን ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንዳሉበት ተገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች መካከል የቆጠረው ገና እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

መከላከያውስ? ጫማ። ከልጅነት ጀምሮ፣ በየቀኑ የሚደረግ ጫማ። እግርን በውኃና በሳሙና መታጠብ። የእምዬ የትውልድ ቀበሌ አፈሩ ቀይ ነው። የመጀመሪያ ጫማዋን ያደረገችው ከተዳረች በኋላ ነው። እግሯ ካበጠ ወዲህ ደግሞ የትኛውም ጫማ አይገባላትም። የጊዮርጊስ ንግሥ ሲደርስ “አሞኛል” ብላ የምትቀረው ለዚህ እንደነበረ ያን ማታ ገባን። ጫማ ያጣ እግር ያብጣል፤ ያበጠ እግር ደግሞ ጫማ ያጣል።

በማግስቱ የአክስታችን ልጅ ከካናዳ፣ ከካልጋሪ፣ “እንኳን አደረሳችሁ” ሊል ደወለ። ወንድም ጋሼ እንለዋለን። የጫማውን ጉድ ስንነግረው ሳቀና የራሱን አመጣ። ልጁ አይስ ሆኪ ይጫወታል፤ በረዶ ላይ፣ ስለት ባለው ጫማ እየተንሸራተቱ የሚጫወቱትን ማለት ነው። ወንድም ጋሼም እንደኛው “ያድግበታል” ብሎ በሁለት ቁጥር የሚበልጥ ገዛለት። ልጁ ተረከዙ ውስጥ እየተንሸራተተበት ቁርጭምጭሚቱ ይታጠፋል፣ ይወድቃል። ኋላ ሱቅ ወስዶ ሲያስለካው ሻጩ ያስተማረው ነገር እኛንም አስገረመን። የሆኪ ጫማ ቁጥሩ ከአዘቦት ጫማ በአንድ ወይም በአንድ ተኩል ያንሳል። ቀጥ ብለህ ስትቆም ጣቶችህ የጫማውን ጫፍ ነካ ማድረግ አለባቸው፤ ጉልበትህን አጠፍ ስታደርግ ደግሞ ተረከዝህ ወደኋላ ገብቶ ጣቶችህ ይለቃሉ። ተረከዙ ከቦታው መነቃነቅ የለበትም። በወር አንዴ ለሚጫወት ለስላሳው ይበቃል፤ በሳምንት አራት ቀን ለሚጫወት ግን ጠንከር ያለ ካልሆነ ቶሎ ይሟሽሽበታል። እግር ላይ እንዲቀረጽም ጫማውን በልዩ ምድጃ አሙቀው ያስለብሱታል! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ እምዬ “ጫማ ይጋግራሉ?” ብላ ሳቀች። ከመጣን ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር።

ወንድም ጋሼ ሲሰናበተን “ቁጥሩን ተዉት፤ እግሩን ላኩ” አለ።

እግሩን ላክን። ከታናሻችን ደብተር ወረቀት ቀደን መሬት ላይ አነጠፍን። ካልሲ አድርጋ፣ ክብደቷን ጥላ ቆመች። እርሳሱን ቀጥ አድርገን ዙሪያዋን አሰመርን። ቀኝዋ 24.1 ሴንቲ ሜትር፣ ግራዋ 24.4 ሆነ። የሁለት እግር ልክ ብዙ ጊዜ እኩል አይደለም፤ የሚገዛው ለትልቁ ነው። የለካነውም ወደ ማታ ነው፤ እግር ውሎ ሲያመሽ ይሰፋልና።

አሁን ሂሳብ ሠራተኛዋ እህት ተረከበች። የአውሮፓ ቁጥር አንዱ ከሌላው የሚለየው በሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው። ስለዚህ 37 ማለት ርዝመቱ 24.7 ገደማ የሆነ ጫማ ነው። ለ24.4 እግር የተረፈው ቦታ ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ! የሩጫ ጫማ ደግሞ ከረጅሙ ጣት ፊት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል፣ የአውራ ጣት ስፋት ማለት ነው፣ ክፍት ቦታ ይፈልጋል። እግር ሲሮጥ ወደፊት ይሄዳል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ይብስበታል። ዲማ ቁልቁለት ሞልቷል። ትክክለኛ ልኳ 38 ተኩል ነበር። የጎን ስፋትንማ ቁጥሩ ጨርሶ አይናገርም።

ስለዚህ እናንተም ለራሳችሁ ወይም ለሌላ ሰው ስትገዙ፦ ለሚሮጥበት ቀን ብዛት ግዙ። ትዕግሥት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ 2:11:53 ስትገባ ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ 138 ግራም ይመዝን ነበር፤ ዋጋው 500 ዶላር ነበር፤ ኩባንያው ራሱ ለአንድ ማራቶንና ለጥቂት መለማመጃ የሚሆን ነው ብሎታል። ግሩም ነው! ግን በየቀኑ ጠዋት ድንጋይና ጭቃ ለምትረግጥ ልጅ አይሆንም። ለእሷ ወፍራም ሶል፣ ጠንካራ ተረከዝ፣ ጭቃ የሚይዝ ጥርስ ይሻላል። ሶሉ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ባለው ሩጫ ውስጥ ይሞታል፤ ከላይ አዲስ ቢመስልም። “ይሰፋል” የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ደህና ዋሉ ብላችሁ ውጡ።

ከሁሉ በላይ ግን፣ ስጦታ ስትሰጡ “ልክ ነው?” ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። ባለውለታ የሆነ ሰው “ልክ ነው” ይላል። “የት ጋ ይይዝሻል?” በሉ።

ለእምዬም ወረቀት አነጠፍን። አንዱ አልበቃም፤ ሁለት አጣበቅን። መጀመሪያ “ምን ያደርግላችኋል?” ብላ እንቢ ብላ ነበር፤ ኋላ ዓይኗን ወደ በሩ መልሳ ቆመችልን። አዲስ አበባ አንድ ጫማ ሰፊ ወረቀቱን አይቶ ምንም ሳይጠይቅ ለስላሳ ቆዳ መርጦ፣ ፊቱን እስከ ጫፍ የሚከፈት አድርጎ ሰፋው። ጫማው እብጠቱን አላዳነውም፤ አያድንምም። ግን በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕሙማን ላይ ተሠርቶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ እግርን በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት፣ መጠቅለያ፣ ቀላል እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚያስተኛው ትኩሳትና ሕመም እየቀነሰ ይመጣል። ታናሻችን ማታ ማታ ታጥባታለች፣ ቅባት ትቀባታለች።

በዓመቱ ታናሻችን በ38 ተኩሉ ደብረ ማርቆስ ሄዳ ሦስተኛ ወጣች። እምዬ ደግሞ ጊዮርጊስን ነግሣ መጣች። ጎረቤቷ ጫማዋን አይታ “ቁጥሩ ስንት ነው? ለእኔም ላስመጣ” ብትላት፣ “የእኔ ቁጥር የለውም፤ ወረቀት ነው” አለቻት አሉ።

ያ ወረቀት አሁንም አዲስ አበባ፣ አልጋችን ሥር አለ። ቆዳው ሲያልቅ ጫማ ሰፊው ዘንድ ይዘነው እንሄዳለን። ቸር እንሰንብት!