ጌች ላይ የፈላ ቡና

ተራራ የሚወጣ ቡና ወዳጅ ሸክም መፍራት የለበትም። ሰሜን ተራሮች ስንሄድ ጓደኞቼ “በሙቅ ውኃ የሚበጠበጠው ይበቃናል” ቢሉኝም፣ እኔ ጀበናዬን በጋቢ ጠቅልዬ ያዝኩ። ቡናው ከቤት ተቆልቶና ተወቅጦ በቆርቆሮ ታሽጓል።

ጌች ካምፕ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ግድም ነው። እዚያ ውኃ የሚፈላው 88 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ቶሎ ይንተከተካል እንጂ ሙቀቱ ያንሳል። መላው ቀላል ነው፤ ቡናውን አድቅቆ መውቀጥ፣ ከወትሮው በዛ አድርጎ መጨመር፣ ምድጃውን ከነፋስ መከለል፣ ጀበናውን እሳት ላይ ትንሽ ማቆየት። ከዚያ አተላው እስኪሰክን መታገስ ነው።

ሁለት ቀን ሙሉ ከ“እሺ” በቀር ቃል ያልወጣው ባለበቅሎ አቦሉን ዝም ብሎ ጠጣ። ቶናው ላይ ግን ሳሩን በዱላው እያሳየ፣ “ቤቴ እዚያ ጋ ነበረች” አለን። የጌች መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ፓርኩን ለቀው ደባርቅ ሰፍረዋል። እስከ በረካ ድረስ ስለ ገብሱና ስለ ጎረቤቶቹ አጫወተን።

ክፍል ውስጥ ቃለ መጠይቅ እንዴት እንደሚጀመር ተምረናል። እኔ እንደገባኝ ግን ሰው የልቡን የሚያወራው ተረጋግቶ ሲቀመጥ ነው፤ ሦስት ስኒ ለመጠጣት ደግሞ መቀመጥ ግድ ነው። የሚበጠበጠው ቡና እኮ ቆመን እያለን ነው የሚያልቀው!