ከስድስት ኪሎ እስከ ቦሌ በሁለት ጎማ

ዛሬ ሽርሽር ልወስዳችሁ ነው። የታክሲ ሰልፍ የለ፣ የነዳጅ ወጪ የለ። ከስድስት ኪሎ ተነስተን በአራት ኪሎና በፒያሳ አድርገን ቸርችልን እንወርዳለን፤ ከዚያ በለገሃርና በመስቀል አደባባይ በኩል ቦሌ እንገባለን። በምን? በብስክሌት! «አብደሃል እንዴ? በዚህ ትራፊክ?» የምትሉኝ አላችሁ። ቆይ፣ አብረን እንሂድና ትፈርዳላችሁ።

ከመነሳታችን በፊት ብስክሌቷን እንያት። የፊትና የኋላ ፍሬኗ ይይዛል? ጎማዋ በአውራ ጣት ሲጫኑት ጠንከር ይላል? ካቴናዋ ዘይት ቀምሷል? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ጀርባዋን ለእንጦጦ ሰጥታ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከሰሜን ወደ ደቡብ ስትወርዱ ፔዳል መምታቱ ብዙም አያደክማችሁም፤ የሚያስፈልጋችሁ ፍሬን ነው። ፍሬን የሌለው ብስክሌት ልጓም የሌለው ፈረስ ነው። ያውም ቁልቁለት ላይ!

እነሆ ስድስት ኪሎ፣ የየካቲት 12 ሐውልት ያለበት አደባባይ። እዚህ ቆም ብለን አንድ ጥያቄ እንመልስ። ብስክሌተኛ ምንድን ነው? እግረኛ ወይስ ተሽከርካሪ? አንዳንድ ልጆች ሁለቱንም ለመሆን ይሞክራሉ። ሲመቻቸው አስፋልት ላይ፣ ሲጨናነቅ የእግረኛ መንገድ ላይ፣ ቀይ ሲበራ ደግሞ በዜብራው ሹልክ! ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሾፌሩ ምን እንደሆናችሁ ካላወቀ፣ ቀጥሎ ምን እንደምታደርጉም አያውቅም። እንደኔ እንደኔ ነገሩ አጭር ነው፦ ብስክሌት ተሽከርካሪ ነው። በቀኝ ይነዳል፤ ቀይ ሲበራ ይቆማል፤ ዜብራ ላይ ለእግረኛ ያሳልፋል፤ አደባባይ ሲገባ ከግራው እየዞረ ለሚመጣው ቅድሚያ ይሰጣል።

«የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት ባየው ይሻለኛል» እያሉ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚነዱም አሉ። እስቲ እናስላው። እናንተ በሰዓት 20፣ መኪናው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ፊት ለፊት ስትገናኙ የምትቀራረቡት በ60 ነው። በአንድ አቅጣጫ ብትሄዱ ግን በ20 ብቻ! ሾፌሩም አይቶ ለማዘግየት ጊዜ ያገኛል። በዚያ ላይ ከውስጥ መንገድ ወደ ቀኝ ሊታጠፍ የሚወጣ ሾፌር የሚያየው ወደ ግራው ነው። በተቃራኒ የምትመጡት እናንተ ታዲያ በየት በኩል ትታዩት?

ከአራት ኪሎ በራስ መኮንን ድልድይ አድርገን ወደ ፒያሳ ስንሄድ ሚኒባሶቹ ይቀበሉናል። «ወራጅ አለ!» ሲባል ታክሲው ቀጥ ይላል። በሩ ደግሞ በቀኝ በኩል ነው። ልብ በሉ፣ ብስክሌተኛው ሾልኮ ለማለፍ የሚያምረውም በዚያው በቀኝ በኩል ነው! የቆመ ሚኒባስን በፍጹም በቀኙ አትለፉት። ወይ ከኋላው ቆማችሁ ጠብቁ፣ ወይ ዞር ብላችሁ ኋላችሁን አይታችሁ፣ ግራ እጃችሁን ዘርግታችሁ በግራው እለፉ። ጥግ ይዞ የቆመ የቤት መኪናም ካለ ከጎኑ አንድ ሜትር ያህል ራቁ፤ የሾፌሩ በር ሳይታሰብ ሊከፈት ይችላል።

አንድ ረዳት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ብራዘር፣ ጥግህን ያዝ! ካልሆነ መኪና ግዛ!» ብሎኝ ያውቃል። ሳቄ መጣ። ጥጉ ላይ ያለው ምንድን ነው? የተሰበረ ጠርሙስ፣ ጉድጓድ፣ ጎማ የሚውጥ የፍሳሽ ክዳን። ከጠርዙ አንድ ሜትር ያህል ገባ ብሎ፣ ቀጥ ባለ መስመር መንዳት ትዕቢት አይደለም፤ መታየት ነው። ብስክሌት መንዳትም ማፈሪያ አይደለም። አገራችን በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ኦሎምፒክ ስትሄድ እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረውላታል። ጽጋቡ ግርማይ ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

ከማዘጋጃ ቤቱ ወደ ታች ቸርችል ተዘርግቷል። ኧረ እንዴት ያምራል! ነፋሱ ፊታችሁን ሲዳብሳችሁ «ልልቀቃት» ያሰኛል። አትልቀቋት! በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ስትወርዱ በያንዳንዱ ሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ትጓዛላችሁ። «ውይ!» ብላችሁ እጃችሁ ፍሬኑ ላይ እስኪደርስ 8 ሜትር አለፈ ማለት ነው። ፍጥነታችሁ እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከያዛችሁ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልጋችሁ ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከላይ ጀምራችሁ፣ ሁለቱንም ፍሬን ቀስ እያላችሁ ያዙ። የፊተኛውን ብቻ በድንገት ከጨበጣችሁ ብስክሌቷ ትቆማለች፣ እናንተ ግን ጉዟችሁን በአየር ትቀጥላላችሁ! ዝናብ ሲጀምር ደግሞ አቧራውና ዘይቱ ተደባልቆ አስፋልቱን ሳሙና ያደርገዋል።

ለገሃር ደረስን። አንድ ማለዳ እዚህ አካባቢ ሻይ ስጠጣ ከአንድ ሲኖትራክ ሾፌር ጋር ወሬ ጀመርን። ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ስለ አንድ የሰፈራችን ልጅ አጫወትኳቸው። ቤት ለቤት ዕቃ እያደረሰ ታናናሾቹን የሚያስተምር ልጅ ነበር። መታጠፊያ ላይ አንድ ከባድ መኪና በቀኙ በኩል አጠገቡ ቆሞ መብራት ሲጠብቅ መኪናው ወደ ቀኝ ታጠፈ። ነፍሱ ተርፋለች፤ አንድ እግሩ ግን የለም። ዛሬ ታናናሾቹ ናቸው እሱን የሚደግፉት።

ሾፌሩ ሻያቸውን አስቀመጡና «ና ልጄ፣ ውጣ» ብለው ወንበራቸው ላይ አስቀመጡኝ። «አሁን በቀኝ በኩል ጎማው አጠገብ የቆመውን ልጅ ታየዋለህ?»

«የትኛውን ልጅ ጋሼ?» አልኳቸው። ማንም አይታየኝም ነበር።

ወርጄ ሳይ አንድ ሊስትሮ ጎማውን ተደግፎ ቆሟል! «አየህ» አሉኝ፣ «ያንን ልጅ የገጨሁት እኔ ብሆን ኖሮ እንኳ አላየውም ነበር። ስታጠፍ ደግሞ የኋላው ጎማ የፊተኛውን ዱካ አይከተልም፣ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። የኔን ፊት በስፖኪዮ ካላየህ እኔም አንተን አላይህም በል።» እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከዚህ የተሻለ የመንገድ ትምህርት አልሰማሁም። ከከባድ መኪናና ከአውቶቡስ ጎን አትቁሙ። ከኋላው ሁኑ፣ ቦታችሁንም ያዙ።

ወደ መስቀል አደባባይ እንለፍ። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ መንገዶች እሁድ እሁድ ለመኪና መዘጋት ሲጀምሩ፣ ብዙ ልጅ ብስክሌት የለመደው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። አዲስ ጀማሪ ከሆናችሁ መኪና በሌለበት ሜዳ ሦስት ነገር ተለማመዱ፦ ሳትወላገዱ ዞር ብሎ ኋላን ማየት፣ በአንድ እጅ እየነዱ ምልክት መስጠት፣ በድንገት መቆም። እነዚህን ሳትችሉ ትራፊክ ውስጥ አትግቡ።

ከዚህ እስከ ቦሌ ደስ ይላል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ የብስክሌት መስመር ተሠርቶልናል። መስመሩ ላይ ተቃቅፈው የሚንሸራሸሩ ጥንዶች ካጋጠሟችሁ ግን በደወል አታስደንብሯቸው። ቀስ ብላችሁ «ይቅርታ፣ ልለፍ» በሏቸው። ደግሞም መስመሩ አያዘናጋችሁ፤ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ መኪና ያቋርጠዋል። እዚያ ጋ ፍጥነት ቀንሱ፣ የሾፌሩን ዓይን ፈልጉ። ሲመሽ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት አብሩ፤ ጥቁር ጃኬት ለፓርቲ ይሁን። ሄልሜት ፀጉር ያበላሻል የምትሉ እኅቶችና ወንድሞችም፣ ፀጉር ይበጠራል፣ ጭንቅላት ግን መለዋወጫ የለውም።

ይኸው ቦሌ ገባን! ላብ አለን፣ ረሃብም አለን። ያ የሰፈራችን ልጅ አሁን ብስክሌት የሚጀምሩ የሰፈር ልጆችን ደጁ ላይ ተቀምጦ ይጠራቸዋል። ሌላ ምክር የለውም። «ቀኙ ጋ አትቁሙ» ነው የሚላቸው። እኔም ለእናንተ ያልኩት ይህንኑ ነው።

ቸር እንሰንብት!