እርሾም ይታመማል

ሊጥ «አልቦካ» ያለ ዕለት በየቤታችን የሚወቀሰው ብዙ ነው። ዱቄቱ ይወቀሳል፤ ውሃው ይወቀሳል፤ ብርዱም አይቀርለትም፤ ሠራተኛዪቱማ ከሁሉ በፊት! እርሾው ራሱ ታሞ ይሆን ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

ይህን ጥያቄ ያነሳብኝ የወናጎ ቆጮ ነው። ወናጎ ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ ግራ ቀኙ ቡናና እንሰት ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ሁላችንም ስለ ዛፎቹ አወራን፤ ስለ ጉድጓዱ ያወራ እምብዛም ነው። የእንሰቱ ግንድ ተፍቆ፣ ሥሩ ተከትክቶ፣ ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ተቀብሮ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይብላላል። ያ ጉድጓድ ከተበላሸ የአንድ ቤተሰብ የወራት ቀለብ ሄደ ማለት ነው። ጉድጓድ ሲከፍቱ ያገኘኋቸውን አንዲት እናት «እርሾው እምቢ ቢልስ?» ብዬ በአስተርጓሚ ጠየቅኋቸው። ጥሩ ከወጣለት ጎረቤት እንደሚያመጡ ነገሩኝ፤ ጥያቄዬም ሳያስቃቸው አልቀረም።

ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት እንደተገለጸው፣ ቆጮን ማብላላት ከሚጀምሩት ባክቴሪያዎች አንዱ ሉኮኖስቶክ ነው፤ አሲዱ ሲበረታ ላክቶባሲለስ ይተካዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ደግሞ የራሳቸው ቫይረስ አላቸው። እንግሊዛዊው ትዎርት እ.ኤ.አ. በ1915 ምልክቱን አየ፤ ዴሬል በ1917 «ባክቴሪዮፌጅ»፣ ባክቴሪያ በላ፣ ብሎ ሰየመው። ሰውን አይነካም። ባክቴሪያው ቆዳ ላይ ተጣብቆ ዘሩን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ባክቴሪያውም የቫይረስ ፋብሪካ ይሆንና መጨረሻው ፈንድቶ መሞት ነው። ከፍንዳታው የሚወጡት አዳዲስ ቫይረሶች በደርዘን፣ አንዳንዴም በመቶ ይቆጠራሉ። ታዲያ ይህ ጠላት መራጭ ነው፤ አንዱን ዝርያ ሲፈጅ ጎረቤቱን ዞር ብሎ አያየውም።

ይህን በውድ ዋጋ የተማሩት የኒውዚላንድ አይብ ሠሪዎች ናቸው። በ1930ዎቹ የተጣራ፣ አንድ ዝርያ ብቻ ያለበት እርሾ መጠቀም ጀመሩ። አይቡ አማረ፤ ነገር ግን አንዳንድ ቀን ወተቱ በጋኑ ውስጥ እንዳለ መምጠጡን አቆመ። ኋይትሄድና ኮክስ እ.ኤ.አ. በ1935 ጥፋተኛው ባክቴሪዮፌጅ መሆኑን አሳዩ። ከዚያ ወዲያ ፋብሪካዎቹ ዝርያ ማፈራረቅ ያዙ። በአሜሪካ የጎመን መብላላት ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ደግሞ ቫይረሶቹ በባክቴሪያዎቹ መተካካት ውስጥ እጃቸው ሳይኖርበት እንደማይቀር አመልክቷል።

የወናጎዋ እናት እርሾ የድብልቅ መንጋ ነው፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይሠራል። ዛሬ የቆጮን እርሾ በቤተ ሙከራ አጣርቶ ጊዜውን ለማሳጠር የሚደረገውን ሙከራ አልነቅፍም፤ ሥራው ከባድ ነው፤ ሸክሙም የሴቶች ነው። ብቻ ያንን እሽግ ይዞ የሚመጣ ሰው ዋጋውን ከመናገሩ በፊት ስንት ዝርያ እንዳለበት፣ አንዱ ሲሞት ተለዋጩ ከየት እንደሚመጣ ይንገራቸው።