ስለ እንጨት ሥራና ስለ ባልንጀርነት

ሰው በጉልበቱ ዘመን ዕረፍትን ይመኛል፤ ዕረፍቱ በመጣለት ጊዜ ግን ምን እንደሚያደርግበት አያውቅም። ዐርባ ዓመት ያህል በደወል ገብቶ በደወል የወጣ ሰው፣ አንድ ቀን ጧት «ከእንግዲህ ወዲህ ደወሉ አንተን አይጠራም» ሲባል፣ ደስታው ከአንድ ወር አያልፍም። ከዚያ በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጦ መንገደኛ መቍጠር፣ የጎረቤትን ነገር መመርመር፣ የራስን ሕመም ማዳመጥ ይመጣል። አባቶቻችን «ሥራ ያጣ መነኵሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ያሉት በመነኵሴ ለመሳቅ ብቻ አይደለም፤ ሥራ መፍታት ደግ ሰውን እንኳ ወደ ከንቱ ነገር እንደሚመራው ሲያስጠነቅቁን ነው። ቆቡን ብቻ ቀዶ ቢሰፋ ባልከፋም ነበር፤ ሥራ የፈታ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀደው የሌላውን ሰው ስም ነው፤ ያም ስም ተመልሶ አይሰፋም።

ስለዚህ ለደስታ ብቻ ስለሚሠራ የእንጨት ሥራና ሥራው ስለሚያስገኘው ባልንጀርነት ጥቂት ለመናገር አስቤአለሁ። ነገሩ ትንሽ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር፣ እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ።

እኔ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ቤት ከሰኞ እስከ ዓርብ መጽሐፍ እናነብ ነበር፤ ቅዳሜ ጧት ግን የባላባት ልጅም ሆነ የድኻ ልጅ ሁሉም መጋዝና መላጊያ ይይዝ ነበር። የተሰበረውን ወንበር የምንጠግነው፣ የላላውን የመስኮት መዝጊያ የምናጠብቀው እኛው ነበርን። ከዚያ ወጥቼ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር እጄ ከጠመኔ በቀር ብዙ ነገር አልያዘም። ጡረታ በወጣሁ ጊዜ ግን እጅ በልጅነቱ የተማረውን እንደማይረሳ አየሁ።

የምኖረው ጅማ ነው። ጅማ የቡና አገር መሆኗን ሁሉ ያውቃል፤ የእንጨት ጥበብ አገርም መሆኗን የሚያውቀው ግን በጅማ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ይህ በርጩማ መቀመጫውም ሦስቱ እግሮቹም ከአንድ ግንድ ተፈልፍለው የሚወጡ ናቸው እንጂ በሚስማር ወይም በኮላ የተያያዙ አይደሉም። እኛም በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የምንሰበሰበው ይህን የመሰለውን ዕቃ በሚያውቅ በአንድ አናጢ ግቢ ነው። ማኅበራችን ስምም ሊቀ መንበርም የለውም። አንዱ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። አንዷ ሁላችንም «ሲስተር» የምንላቸው ጡረተኛ ነርስ ናቸው፤ መሮ ሲይዙ ከሁላችን ይልቅ እጃቸው የማይንቀጠቀጥ እርሳቸው ናቸው፤ ጣታችንን የቈረጥን እንደ ሆነም የሚያክሙን እርሳቸው ናቸው። ሦስተኛው ሱቁን ዘግቶ የሚመጣ ልብስ ሰፊ ነው። አራተኛው እኔ ነኝ። የግቢው ባለቤት አናጢው ደግሞ ከብዙ ዓመት በፊት በስድስተኛ ክፍል ሦስተኛው ዴስክ ላይ ተቀምጦ እኔ ሒሳብ ያስተማርሁት ልጅ ነው።

አሁን እርሱ አስተማሪ፣ እኔ ተማሪ ሆነናል። በመንገድ ላይ ስንገናኝ እርሱ «ጋሼ» ብሎኝ ጎንበስ ይላል፤ እኔም «እንደምን ዋልህ ልጄ» እለዋለሁ። ግቢው ውስጥ ስገባ ግን «አለቃ» እለዋለሁ። መጀመሪያ አፍሮ ነበር፤ በኋላ ግን ለመደው። መላጊያውን በተቃራኒ ገፍቼ እንጨቱ ሲቦጨቅብኝ፣ «ጋሼ፣ አያስገድዱት፤ ጅማቱ የሚሄድበትን አይተው ይከተሉት» ይለኛል። በትምህርት ቤት በሒሳብ ፈተና ከመካከለኛ በላይ አግኝቶ አያውቅም ነበር፤ ዛሬ ግን በመዳፉ ዳስሶ አንዱ እግር ከሌላው በሁለት ሚሊ ሜትር ማጠሩን ይነግረኛል፤ በሜትር ስለካው እንዳለው ሆኖ አገኘዋለሁ። ሽማግሌ ከልጁ የሚማረው ነገር ያለው እንደ ሆነ ገና አላረጀም ማለት ነው።

ስለ ሦስት እግር ከተነሣ አንድ ነገር ልናገር። በአንድ መስመር ላይ ያልዋሉ ሦስት ነጥቦች አንድ ጠፍጣፋ ገጽ እንደሚወስኑ በየዓመቱ በሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምር ነበር። ተማሪዎቼ በቃላቸው ይዘውት ይሄዱ ነበር። የዚህ ነገር ጥቅሙ ግን በበርጩማው ላይ ይታያል። አራት እግር ያለው ወንበር ወለሉ ትንሽ ቢጎረብጥ ይወዛወዛል፤ ሦስት እግር ያለው በርጩማ ግን በቤት ወለልም ሆነ በጎድጓዳ መሬት ላይ ቢያኖሩት አይወዛወዝም። የጥንቱ የጅማ ጠራቢ ይህን ከመጽሐፍ አላነበበውም፤ በእጁ አግኝቶ ለልጆቹ አወረሰው። እንግዲህ ዕውቀት በአንድ በር ብቻ አይገባም፤ በዐይንም በጆሮም በእጅም ይገባል።

እንጨት ሌላም ትምህርት አለው። ጣውላ ሲደርቅ በወርዱ ይሸመቀቃል፤ በቁመቱ ግን ምንም ያህል አይቀንስም። ክረምት ሲመጣ እርጥበት ጠጥቶ ይሰፋል፤ በጋ ሲሆን ይጠባል። ስለዚህ ዐዋቂ አናጢ የጠረጴዛውን ገበታ ከእግሮቹ ጋር ሲያያይዝ ጥቂት መንቀሳቀሻ ይተውለታል። ይህን የማያውቅ ሰው ግን ግራና ቀኙን በሚስማር ቀርቅሮ ይተወዋል፤ ጠረጴዛውም ዓመት ሳይሞላው ከመካከሉ ይሰነጠቃል። ባልንጀርነትም እንዲሁ ነው። ሹፌሩ ሲናደዱ ጥቂት እንተዋቸዋለን፤ እኔ ተማሪ ፊት የቆምሁ መስሎኝ ንግግር ሳበዛ እነርሱ ይታገሡኛል። ለመንቀሳቀሻ የሚሆን ቦታ የማይተው ወዳጅነት ብዙ ክረምት አይሻገርም።

በዚህ ሥራ የሚስቁብን አልጠፉም። አንድ ዘመዴ ሊጠይቀኝ መጥቶ ልብሴ ሁሉ በእንጨት ብናኝ ነጥቶ ባየኝ ጊዜ፣ «ስንት ሰው ያስተማሩ ሰው በስተርጅና ጠራቢ ይሁኑ?» ብሎ አዘነልኝ። ይህ ቃል አዲስ አይደለም። በአገራችን የእጅ ባለ ሙያን መናቅ ረጅም ዕድሜ ያለው በሽታ ነው፤ ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የምትሠራውን፣ ሸማ የሚሸምነውን በስድብ ቃል መጥራት ልማድ ሆኖ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ባለ ሙያን በሙያው ምክንያት የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት በሽታው ቀላል ስላልነበረ ነው። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎአል፤ ቃሉ ግን አሁንም አንዳንድ ሰው አፍ ውስጥ ይገኛል።

ለዘመዴ የመለስሁለት እንዲህ ብዬ ነው። «አባትህ ገበሬ ነበር። ሞፈሩን የቈረጠ፣ ቀንበሩን የጠረበ፣ ድግሩን ያለሰለሰ ማን ነው? እርሱ ራሱ አይደለምን? እንጨት መጥረብ ውርደት ከሆነ ያሳደገን እንጀራ ሁሉ ከውርደት የመጣ ነው። ወደ አክሱም ብትሄድ ያ ታላቅ ሐውልት የእንጨት ወጋግራ ጫፎች ያሉት ቤት እንዲመስል ሆኖ ተቀርጾ ታየዋለህ፤ የጥንት አባቶቻችን ድንጋዩን ሊያስጌጡት ባሰቡ ጊዜ የአናጢውን ሥራ አስመስለው ቀረጹት። በላስታ ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት አንድ ረድፍ ድንጋይ እየሆነ የተሠራ ነው። ደግሞስ በየእሑዱ የምንሰግድለት ጌታ የጸራቢ ልጅ ተብሎ አልተጠራምን?» ዘመዴም ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና የሠራሁትን በርጩማ ወደ ራሱ ስቦ ተቀመጠበት። መልሱ ይህ ነበር።

ከዘመዴ ነቀፋ ይልቅ ግን በእውነት የፈተነን ሌላ ነገር ነበር። ሹፌሩ ባልንጀራችን ባለቤታቸው ከታመሙ ሁለት ዓመት ሆኖአቸዋል፤ የጡረታው ገንዘብም ለመድኃኒቱ አይበቃም። አንድ የቡና ቤት ባለቤት እኛ የሠራናቸውን በርጩማዎች አይቶ ሃያ ሠርተን ብንሰጠው ከገበያው ዋጋ እኩሌታውን እንደሚከፍለን ነገራቸው። ሹፌሩም ቅዳሜ ዕለት ደስ ብሎአቸው መጥተው ነገሩን ገለጡልን። ሲስተር ሐሳቡን ወደዱት። አናጢው ግን ምንም ሳይናገር መጋዙን አንሥቶ መሳል ጀመረ። መጋዙ በዚያው ዕለት ጧት የተሳለ ነበር።

ዝም ያልነው ብዙ ነው። በመጨረሻ የተናገረው ልብስ ሰፊው ነው። «ጋሼ፣ አይቀየሙኝ» አለ። «እኔ ሰልባጅ ከተማችንን ሲሞላ አይቻለሁ። ሸሚዙ እኔ ከምገዛው ክርና ቍልፍ ባነሰ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ያን ጊዜ ሁለት ልጆች ከሱቄ አሰናበትሁ። የሚሸጡት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ግን ዕቃው ሲመጣ የሠሪው ዋጋ አብሮት አልመጣም። እኛም ጊዜያችንን በነጻ እየሰጠን በእኩሌታ ዋጋ ብንሸጥ፣ ለአለቃ የምንሆንበት ሰልባጅ ነው።»

ይህ ቃል ሁላችንንም ያዘን። ለእኛ ጨዋታ የሆነው ለእርሱ የልጆቹ እራት ነው። መሣሪያው የእርሱ፣ ግቢው የእርሱ፣ ትምህርቱ የእርሱ ነው፤ የሚወሰደውም ገበያ የእርሱ ሊሆን ነው። በሌላ በኩል የታመመች ሴት መድኃኒት ትጠብቃለች፤ ይህም እውነት ነው። ሁለት እውነቶች በተጋጩ ጊዜ አንዱን ረግጦ ማለፍ ቀላል ነው፤ ሁለቱን የሚያስማማ መንገድ መፈለግ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

መንገዱን ያገኘው አናጢው ራሱ ነው። መጋዙን አስቀምጦ፣ «ጋሼ፣ ያን ሰውዬ ወደ እኔ ይላኩት። ዋጋውን እኔ እነጋገረዋለሁ። ሥራው ከመጣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለሱንና ቫርኒሽ መቀባቱን እርስዎ ይይዙልኛል፤ ለሌላ ሠራተኛ የምከፍለውን ለእርስዎ እከፍላለሁ» አላቸው። የቡና ቤቱ ባለቤት ብዙ ከተከራከረ በኋላ በተገቢው ዋጋ ዐሥራ ሁለት በርጩማ አዘዘ። ሃያው ዐሥራ ሁለት ሆነ፤ ነገር ግን ማንም በማንም ላይ አልተረማመደም። ሹፌሩም ያገኙትን ገንዘብ በምጽዋት ሳይሆን በላባቸው አገኙት፤ ለሰው ክብር የሚሰጠውም ይህ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሕግ አወጣን። እኛ ለደስታችን የምንሠራውን አንሸጥም፤ አናጢው ለገበያ የሚሠራውን ዓይነት ዕቃም ለሰው ሁሉ በነጻ አናድልም። ለልጅ ልጆቻችን የገበጣ ገበታ እንፈለፍላለን፤ ለቤታችን መደርደሪያ እንሠራለን፤ በክረምት ደግሞ ከፋይ የሌላቸውን የተሰባበሩ የትምህርት ቤት ዴስኮች እንጠግናለን። እንጨቱን አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው ከፈረሱ ቤቶች ነው፤ አሮጌውን ሚስማር ነቅለን፣ ጥቍር የሆነውን ፊት ስንልገው፣ ከውስጡ እንደ ማር የቀላ ዋንዛ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ዋንዛ በ1986 ዓ. ም. የወጣው የደን አዋጅ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቈረጡ ከከለከላቸው ዛፎች አንዱ ነበር። ስለዚህ አሮጌውን ማክበር ውዴታ ብቻ ሳይሆን ግዴታም ነው። ከዚህም በላይ አምና በሐምሌ አምስታችንም በሲስተር ወንድም የቡና ማሳ ውስጥ ለጥላ የሚሆኑ ዐሥር የዋንዛ ችግኞች ተክለናል። እነዚህ ዛፎች ለጣውላ ሲደርሱ መጋዝ የሚይዝባቸው ሌላ ሰው ነው፤ እኛ እርሱን አናየውም።

አንባቢ ሆይ፣ ሁሉ ሰው አናጢ ይሁን አልልም። አንዱ ንብ ያርባ፣ አንዱ አትክልት ይትከል፣ አንዱ መጽሐፍ ይጠርዝ። ነገር ግን ጡረታህ ሳይመጣ ለእጅህ ሥራ ፈልግለት፤ ለሥራህም ባልንጀራ ፈልግለት። ብቻውን የሚሠራ ሰው ዕቃ ብቻ ይሠራል፤ ከሌላው ጋር የሚሠራ ግን ራሱም ይላጋል። ሙያውን ያስተማረህ ባለ ሙያ የሚኖርበት እንጀራ መሆኑንም አትርሳ፤ አንተ በዕረፍትህ የምትደሰትበትን እርሱ በድካሙ ይበላበታልና። ልጆችህንም ከመጽሐፉ ጋር መዶሻና መጋዝ አስይዛቸው፤ የሠሩትም ቢጣመም አትሳቅባቸው። የሚቀጥለው ቅዳሜ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ያቀኑታል።