«ወጠጤ» የተባለው ወንድሜ

አማርኛችን ለብዙ ነገር ቃል አያጣም። ስለ ገላ ጠረን ለመናገር ሲመጣ ግን አንደበታችን ይያዛል። ታክሲ ውስጥ መስኮት እንከፍታለን፣ ክፍል ውስጥ ወንበር እንቀይራለን፣ አፍንጫችንን በሹራብ እጅጌ ሸፈን እናደርጋለን። ለባለቤቱ ግን ማንም አይነግረውም። ባለቤቱ ደግሞ በራሱ አያውቀውም፤ አፍንጫችን ሁልጊዜ አብሮት የሚውለውን ሽታ ቶሎ ስለሚለምደው መኖሩንም ይረሳዋል። እናም የጠረን ነገር ሰፈሩ ሁሉ ከሰማው በኋላ ለባለቤቱ የሚደርስ ዜና ነው። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች እንዲህ ያለ ዜና ቤታችን ድረስ ሲመጣ ምን እናደርጋለን? እስቲ ከራሴ ቤት ልጀምር።

ነገሩ የሆነው በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ሊያልቅ አካባቢ ነው። ታናሽ ወንድሜ ያኔ 11 ዓመቱ ነበር፤ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ። የምንተኛው አንድ አልጋ ላይ ስለሆነ ለውጡን ማንም ሳይነግረኝ አውቄዋለሁ። ድሮ ከኳስ ሜዳ ሲመለስ የሚሸተው አቧራና ፀሐይ ነበር። በዚያ ሰሞን ግን ከብብቱ የሚመጣው ሌላ ሆነ፤ የአዋቂ ሰው ጠረን።

በዚያው ሰሞን ጠዋት ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» ማለት አመጣ። እማዬ ጤና አዳም በሻይ አድርጋ አጠጣችው። የሚገርመው ሆዱ ቅዳሜና እሁድ አያመውም። ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ከቀረ በኋላ፣ ማታ መብራት ጠፍቶ ተኝተን ሳለ ነገረኝ። ልጆቹ «ወጠጤ» ይሉታል። አንድ ዴስክ ላይ ለሦስት ነበር የሚቀመጡት፤ ሁለቱ ጥለውት ሌላ ዴስክ ላይ ተጣበው ተቀመጡ። አንድ መምህር ደግሞ ክፍል መሐል «ነገ ታጥበህ ና» አሉት። ልጁ ግን ያን ቀን ጠዋት ታጥቦ ነበር የሄደው። ከሁሉም ያስለቀሰው ይሄ ነው።

«ታጥቤ ነበር እኮ ጋሼ» አለኝ። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና ደግሞ «ምን ሆኜ ነው? ታምሜ ነው እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ።

ወጠጤ የሚለውን ቃል ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል። ወጠጤ ፍየል ለጥቂ ሲደርስ መምጣቱ በጠረኑ ከሩቅ ይታወቃል። ይኸው ቃል ለጎረምሳም ይነገራል። እንግዲህ ልጆቹ ሳያውቁት እውነቱን ነው የተናገሩት፤ ወንድሜ ወደ ጉርምስና እየገባ ነበር። ችግሩ ቃሉ የተነገረው ነገሩን ለማስረዳት ሳይሆን ልጁን ከሰው ለመለየት መሆኑ ነው።

ዜና ስድስት ጥያቄዎችን መመለስ አለበት ተብለን ተምረናል፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። በጠረን ጉዳይ ሰው ሁሉ «ማን ነው የሸተተው?» ላይ ይቆማል። «ለምን?» የሚለው የለም። «እንዴት ይስተካከላል?» የሚለውማ ከናካቴው የለም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? እኔም ከ«ለምን» ጀመርኩ።

ሰውነታችን ላብ የሚያመነጩ ሁለት ዋና ዋና ዓይነት ዕጢዎች አሉት። አንደኞቹ መላ ሰውነታችን ላይ፣ በተለይም መዳፍና ውስጥ እግራችን ላይ በብዛት ይገኛሉ። ከተወለድን ጀምሮ ይሠራሉ፤ የሚያወጡት በአብዛኛው ውሃና ጨው ነው። ሕፃን ልጅ ሲሮጥ ውሎ በላብ ቢጠመቅም ብብቱ እንደ ትልቅ ሰው የማይሸተው ለዚህ ነው። ሁለተኞቹ ብብትና ብልት አካባቢ የሚገኙ ናቸው። እነዚህ በልጅነት ተኝተው ይቆዩና የጉርምስና ሆርሞኖች ሲመጡ ይነቃሉ። የሚያወጡት ላብ ወፈር ያለ፣ ቅባትና ፕሮቲን ያለው ነው። ላቡ ራሱ እንደወጣ ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም። ቆዳችን ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ሲመገቡትና ሲሰባብሩት ግን ያ የምናውቀው ጠረን ይፈጠራል።

ስለዚህ ጠረን የመጣው ልጁ ቆሻሻ ስለሆነ አይደለም። ጉርምስና በሴቶች ከ8 እስከ 13፣ በወንዶች ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ይጀምራል። የብብት ጠረን ደግሞ ድምፅ ከመጎርነኑና ጢም ከማቆጥቆጡ ቀደም ብለው ከሚመጡት ምልክቶች አንዱ ነው። የዘር ውርስም እጁ አለበት። በ2006 እ.ኤ.አ. ጃፓናውያን ተመራማሪዎች የጆሮ ኩክ እርጥብ ወይም ደረቅ መሆኑን የሚወስን አንድ ጂን ማግኘታቸውን አሳወቁ። ይኸው ጂን የብብት ጠረንንም እንደሚመለከት ከዚያ በኋላ ታውቋል። ብዙ የምሥራቅ እስያ ሰዎች ብብታቸው እምብዛም የማይሸተው በዚህ ምክንያት ነው። እነሱ ከእኛ ይበልጥ ስለሚታጠቡ አይደለም ማለት ነው።

አሁን ወደ «እንዴት» እንምጣ። እቤታችን መድኃኒት አዛዥ አልጠፋም። እማዬ ዩኒፎርሙን በከርቤ አጠነችው። አንዲት ጎረቤታችን ሎሚ ቆርጦ ብብቱን ይሸው አሉ። የአጎቴ ልጅ ሽቶ ይዞለት መጣ። ሁሉም ያደረጉት በፍቅር ነው። ነገር ግን ሽቶና ጢስ ባልታጠበ ላብ ላይ ሲጨመሩ ሽታው ሁለት ይሆናል እንጂ አይጠፋም። ሎሚ ደግሞ ለስላሳ ቆዳ ያቃጥላል፤ ተቀብቶ ፀሐይ ከነካውም ጠባሳ የመሰለ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል።

እኛን የጠቀመን ቀላሉ ነገር ነው። በግቢያችን ያለው የጋራ ቧንቧ ውሃ የሚያመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ስለዚህ በየቀኑ ሙሉ ገላ መታጠብ የሚባል ነገር የለም። ግን አንድ ጆግ ውሃ ለብብት፣ ለብልት አካባቢና ለእግር ይበቃል። ቁም ነገሩ ሳሙናው እነዚህ ቦታዎች ላይ በደንብ መድረሱ ነው። ወንድሜ ጠዋት ታጥቦ ነበር ሲል እውነቱን ነው፤ ልክ እንደ ማናችንም ልጅ ፊቱን፣ እጁንና እግሩን ታጥቦ ነበር። ብብት መታጠብ እንዳለበት በዕድሜው ማንም ነግሮት አያውቅም። ከታጠቡ በኋላ ደግሞ በፎጣ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ ባክቴሪያ እርጥበት ይወዳል።

ሌላው ልብስ ነው። ቤልጅየም የሚገኘው የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 26 ሰዎች ስፖርት የሠሩበትን ካናቴራ አጥንተው በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ውጤት የፖሊስተር ካናቴራ ከጥጡ የባሰ እንደሚሸት አሳይተዋል። የወንድሜ ዩኒፎርም ሸሚዝ ፖሊስተር ነው፣ ሹራቡም ሰው ሠራሽ ክር ነው፤ ያለውም አንድ ብቻ ነው። በየቀኑ አጥቦ ማድረስ አይቻልም። መፍትሔ የሆኑት ሁለት የጥጥ ካናቴራዎች ናቸው። አንዱን ከሸሚዙ ሥር ይለብሳል፣ ላቡን እሱ ይጠጣዋል፤ ማታ ያጥበውና በማግስቱ ሌላውን ይለብሳል። ካልሲም እንዲሁ። ጫማው ከትምህርት ቤት ሲመለስ ውስጡ ተገልጦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል።

ዲኦድራንትስ? አቅም ላለው መልካም ነው፤ ግን የታጠበና የደረቀ ቆዳ ላይ ነው የሚቀባው። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። ዲኦድራንት ባክቴሪያውን ይቀንሳል፣ ሽታውንም ይሸፍናል። አንቲፐርስፒራንት የሚባለው ደግሞ ባለው የአሉሚኒየም ጨው የላቡን መውጫ ለጊዜው ይደፍናል፤ ይኸኛው ላብ በሚቀንስበት ሰዓት፣ ማታ ከመተኛት በፊት ቢቀባ ይበልጥ ይሠራል። እኛ ቤት ለጊዜው ሳሙናው በቅቶናል።

ምግብም ድርሻ አለው። አብሽ የጠጣ ሰው ላቡ አብሽ አብሽ እንደሚል የማያውቅ የለም። ነጭ ሽንኩርትም እንደዚያው። ይህ ግን የሚያልፍ ነው፤ ለዚህ ተብሎ ልጅን ምግብ መከልከል አያስፈልግም።

ከዚህ ሁሉ የከበደኝ መናገሩ ነበር። ስሱ ጉዳይ ሰው ፊት አይጠየቅም፤ ይህን ከቃለ መጠይቅ ትምህርታችን እናውቃለን። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ሁለታችን ብቻ ሳፋ ከበን ልብስ ስናጥብ አነሳሁት። «ግማት» አላልኩም፣ «ሽታ»ም አላልኩም፤ «ጠረን» አልኩ። «አልታመምክም። ሰውነትህ አዲስ ሥራ ጀምሮ ነው፤ እኔም በአንተ ዕድሜ ጀምሮኛል» አልኩት።

«ሌሎቹስ ለምን አይሸቱም?»

«ተራቸው አልደረሰም። ይደርሳል።»

«ሴቶቹም?»

«ሴቶቹማ ይቀድማሉ።»

በሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ከዚያ ካናቴራውን ገልብጦ የብብቱን ቦታ በሳሙና ማሸት ጀመረ።

ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ተስተካከለ ብዬ አልዋሽም። ስሙ እስካሁን ከአንዳንድ ልጆች አፍ አልወጣም። ስም ከጠረን ይልቅ ለመልቀቅ ያስቸግራል። ግን የጠዋቱ የሆድ ሕመም ቀርቷል፤ ዴስኩ ላይም አንዱ ልጅ ተመልሶ ተቀምጧል። እማዬም ለክፍል ኃላፊው ሄዳ፣ ልጅ ላይ የሚባል ነገር ካለ ለእኔ ይነገረኝ ብላ በትሕትና አስረድታለች።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ሴት ልጅ ከ8፣ ወንድ ልጅ ከ9 ዓመት በታች ሆነው የአዋቂ ጠረን ካመጡ ሐኪም ቢያያቸው ይሻላል። እየታጠቡም ዓሣ ዓሣ የሚል ሽታ የማይለቃቸው ከሆነ፣ ወይም ብብታቸው ውስጥ የሚመላለስ እባጭ ካለ እንዲሁ። ትንፋሹ የበሰለ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚልና ውሃ ውሃ እያለ የሚከሳ ልጅ ግን የስኳር ሕመም ሊሆን ስለሚችል ለነገ የማይባል ነው።

ውድ የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች፤ አብዛኞቻችን ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እህት ነን። ሰፊውን ሕዝብ ስለ ጤናው እናስተምራለን ብለን ነው ይህን ሙያ የመረጥነው። የሕዝቡ የመጀመሪያ ሰው ግን እቤት ያለው የአሥር የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነው። ለዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትገቡ ከሻንጣችሁ ጥግ አንድ የገላ ሳሙናና አንድ የጥጥ ካናቴራ ያዙለት። እናም ሰፈር ስም ሳያወጣለት በፊት፣ ለብቻው ወስዳችሁ እናንተ ንገሩት። ቸር እንሰንብት።