እሳቱስ አለ፤ ሙቀቱ የት ሄደ?

አሜሪካን አገር ሳሎን ውስጥ ያለ የእሳት ምድጃ ማለት፣ አገር ቤት ቡፌ ውስጥ እንደሚደረደር የእንግዳ ብርጭቆ ነው። ብዙ ቤት አለ፤ የሚጠቀምበት ግን ጥቂት ነው። ከላዩ ትልቅ ቴሌቪዥን ይሰቀልበታል፣ ከፊቱ የልጆች መጫወቻ ይከመርበታል፣ ለገና ሰሞን ደግሞ ፎቶ መነሻ ይሆናል… በቃ!

እኔ የምኖርበት፣ ኮሎራዶ ኦሮራ ያለው የእህቴ ቤትም እንደዚያው ነበር። እናታችን በጥር ወር ከአዲስ አበባ እህቴን ልታርስ እስክትመጣ ድረስ።

ኮሎራዶን የማታውቁ፣ «ከፍታዋ እኮ እንደኛ አገር ነው» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ከፍታውስ እሺ፤ ዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ብርዱ ግን ዝምድና የለውም። ሌሊቱ ከዜሮ በታች 15 ሲገባ ጋቢ ምን ሊያደርግ? ቤቱ ሂተር አለው፤ ግን የሳሎኑ ጣሪያ ረጅም ስለሆነ ሙቀቱ ላይ ይንሳፈፋል። ሂተሩን ከፍ ካደረግነው ደግሞ ፎቅ ላይ አራሷና ሕጻኗ በላብ ይጠመቃሉ፤ የጋዝ ቢሉም ያው ነው።

እማዬ ሁለት ቀን ሙሉ «ደህና ነኝ» ስትል ሰነበተች። በሦስተኛው ቀን ማታ ጠጋ ብላ፣ «ልጄ፣ ትንሽ ከሰል አቀጣጥልልኝና ክፍሌ ላስገባው» አለችኝ።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። «ውጭ አቀጣጥለህ ፍሙ ካማረ በኋላ አስገባው» የሚለው የአገር ቤት ብልሃት ጭሱን እንጂ ጋዙን አያስቀረውም። ያማረ ፍምም ይገድላል። ኮሎራዶ ውስጥ የሚሸጥና የሚከራይ ቤት፣ እንደ ሂተርና ምድጃ ያለ ነዳጅ የሚያነድ ዕቃ ካለው፣ ከመኝታ ክፍል በር በ15 ጫማ ርቀት ውስጥ የዚህ ጋዝ ማንቂያ እንዲኖረው የሚያስገድድ ሕግ ከ2009 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው ወዶ አይደለም። በዚያ ላይ ቤቱ ውስጥ የሳምንት ሕጻን አለች። እምቢ አልኳት።

ግን እምቢ ማለት አያሞቅም። ስለዚህ የተረሳውን ምድጃ አነሳሳነው። የኛ እንጨት የሚነድበት ሳይሆን የጋዝ ነው። እሳቱ ከመስታወት ጀርባ ተዘግቶበት ይነዳል፤ አየሩን የሚስበው ከውጭ፣ ጭሱን የሚያስወጣውም ወደ ውጭ ነው። ለኮስነው። ነበልባሉ እንዴት ያምራል! ሁለት እርምጃ ራቅ ብላችሁ ስትቀመጡ ግን… ምንም። እማዬ አየት አድርጋው፣ «ይሄ እሳት ነው ወይስ የእሳት ፎቶ?» አለች።

ሙቀቱ የት እንደሚሄድ ስመረምር ነው ነገሩ የገባኝ። እሳቱ ያለው በብረት ሳጥን ውስጥ ነው። መስታወቱ ጥቂት ሙቀት ወደ ፊት ይወረውራል፤ የተወሰነው ከጭሱ ጋር ይወጣል። ሌላው ግን የሳጥኑን ጀርባና ጎን አግሎ፣ በሳጥኑና በውጭኛው ላሜራ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ቁጭ ይላል። ብሎወር የሚባለው ያንን የሚያወጣ ትንሽ ቬንትሌተር ነው። ቀዝቃዛውን የሳሎን አየር ከታች ስቦ፣ በጋለው ብረት ጀርባ አሳልፎ፣ ከላይ ባለው ክፍተት ሞቅ አድርጎ ይመልሰዋል።

ለእማዬ ስነግራት፣ «ወናፍ በለኛ!» አለች። አይደለም። ወናፍ እሳቱን ያጋግለዋል፤ ብሎወር እሳቱን አይነካውም። አየሩ ከጭሱ ጋር አይገናኝም። ሐሳቡም ያረጀ ነው። መቶ ዶላሩ ላይ ያለው ቤንጃሚን ፍራንክሊን፣ አየር በጋለ ክፍተት ውስጥ አልፎ ሞቆ ወደ ክፍሉ የሚወጣበትን ምድጃ በ1744 ባሳተመው ጽሑፍ አስተዋውቋል። ያኔ የጎደለው ሞተሩ ብቻ ነበር።

ምርጫው ላይ ሱቅ የገጠመኝ ሻጭ በቀጥታ ያነሳልኝ ትልቁንና ለሁሉም ይሆናል የተባለውን ነው። እናንተ ግን መጀመሪያ ወደ ምድጃችሁ ሂዱ። የታችኛውን ፍርግርግ ስትከፍቱ የሞዴል ቁጥር ያለበት ታርጋ ታገኛላችሁ፤ አምራቹ ለዚያ ቁጥር የፈቀደውን ብሎወር ፈልጉ። ትልቅ ሁሉ ጥሩ አይደለም። አየሩ ብረቱ ሊያሞቀው ከሚችለው በላይ ከፈጠነ ለብ ያለ ንፋስ ነው የሚደርሳችሁ፤ ጩኸቱም አለ። ሕጻን ለምትተኛበት ቤት ፍጥነቱ የሚቀነስ መረጥኩ። ምድጃችሁ በጡብ የተሠራ፣ ፊቱ ክፍት የሆነ የእንጨት ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። እንዲህ ያለው ምድጃ፣ የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ በሰዓት እስከ 24,000 ኪዩቢክ ጫማ (680 ሜትር ኩብ ገደማ) አየር ከቤት ስቦ በጭስ መውጫው ሊያስወጣ ይችላል። ለዚያ የሚያስፈልገው ተዘግቶ የሚነድ፣ ውስጡ የሚገባ ምድጃ እንጂ ብሎወር ብቻ አይደለም።

መግጠሙ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ጋዙ ይዘጋል፣ ምድጃው በደንብ ይቀዘቅዛል፣ ብሬከሩ ይወርዳል። ከዚያ አቧራውን መጥረግ! የዓመታት አቧራ ሳይጠረግ ብሎወር ማስነሳት ማለት ሕጻኗ ላይ መበተን ነው። የጋዙን ቱቦ ሳይነኩ ብሎወሩን ወደ ኋላ ማስገባት፣ እንዳይንቀጠቀጥ ላስቲኩ ላይ ማስቀመጥ፣ ሽቦውን ከጋለው ብረት ማራቅ። ትንሿ ቴርሞስታት ከሳጥኑ ሥር ትለጠፋለች፤ ብረቱ 50 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሷ ታስነሳዋለች። ስለዚህ እሳቱ እንደተለኮሰ ካልተነሳ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ፤ አሥር፣ ሃያ ደቂቃ ጠብቁ። የኛ ምድጃ ሥር ሶኬት ነበረው። ከሌላችሁ ኤሌክትሪሻን ጥሩ። ከጋዙ ቱቦና ቫልቭ ጋር የተያያዘ ነገር ካለ ደግሞ ለባለሙያው ተዉት።

አንድ ነገር ልጨምር። ሳሎን ሲሞቅ፣ የሂተሩ መቆጣጠሪያ እዚያው ሳሎን ካለ፣ «ቤቱ ሞቋል» ብሎ ሂተሩን ያጠፋዋል፤ ፎቁ ይቀዘቅዛል። እኛ የሂተሩን ማራገቢያ ብቻ ሳያቋርጥ እንዲሠራ አድርገን አየሩን እያዟዟርን ነው ያመጣጠንነው።

እሳቱ አልጨመረም፤ ጋዙም ያው ነው። ግን እማዬ ወንበሯን ከምድጃው አፍ አንስታ ሶፋው ላይ መቀመጥ ጀመረች። «በየካቲት ልመለስ» ስትል የነበረችው ሴትዮ፣ ሕጻኗ በ80 ቀኗ ክርስትና እስክትነሳ ቆየች።

እናቶቻችን «በረደኝ» አይሉም። ጋቢውን ደረብ ያደርጋሉ፣ «ደህና ነኝ» ይላሉ፣ ሲብስባቸው ከሰል ይጠይቃሉ። ከሰሉን ከልክሉ፤ በምንም ተአምር ቤት አታስገቡ። ከዚያ ግን «አይቻልም» ብላችሁ ወደ ሥራችሁ አትሂዱ፤ ያቺ ሴት በርዷታል።

ቸር ያሰማን።